በቀለም የተሸፈኑት አራት ማብሪያዎች

«ነዕማ ናት የነካችው። ሌላ ማን ይነካዋል?»

ይህን የሰማሁት ከመዝገብ ቤቱ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የተናገረው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በቃሉ ነበር። ድምፁን ከመቶ ሰው መካከል እለየዋለሁ። ከድባጤ ወጥተን አሶሳ ከገባን ጀምሮ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ ቁርሱንም ምሳውንም የማቀርብለት እኔ ነኝ። እዚህ ግን እሱ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፣ እኔ ባለጉዳይ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። እዚህ ሥራ የጀመረ ሰሞን «መሥሪያ ቤት ውስጥ ዘመድ የለኝም» ብሎናል፤ ቃሉንም ጠብቋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ቤት «አስረሳሽ» የሚለኝ ሰው «ተራዎን ይጠብቁ» ብሎኝ ገባ። ከአንድ ሰዓት በፊት ሻይ የቀዳሁለት እኔ ነበርኩ። ነዕማ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናት። አመሻሽ ላይ በጎልማሶች ትምህርት አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን፤ እሷ በቁጥር ትበልጠኛለች፣ እኔ በፊደል እሻላታለሁ።

የሄድኩበት ጉዳይ ቀላል ነበር። ልጄ ሐሴት ስሟ በጤና ኮሌጅ አዲስ ገቢዎች ዝርዝር ላይ ወጥቷል፤ ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ኮሌጁ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ካላየሁ አልመዘግብም አለ፤ ሰርተፊኬቷ ደግሞ ድባጤ ከቤታችን ጋር ቀርቷል። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ውጤት እዚህ በኮምፒውተር ተቀምጧል፤ ማረጋገጫ አትሞ ማኅተም መምታት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው አለችኝ የመዝገብ ቤቷ ዘመናይ፣ ባለፈው ሳምንት። ሰኞ ስመጣ መብራት የለም። ማክሰኞ ስመጣ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ገብቷል። ረቡዕ የንብረት ቆጠራ ቀን ስለሆነ ባለጉዳይ አይስተናገድም ተባለ። ሐሙስ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ ተባለ። ዛሬ አርብ ነው። ማንጎዬን መናኸሪያ አጠገብ ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ በየቀኑ መጥቻለሁ፤ ወቅቱ እያለቀ ስለሆነ ፍሬው በአንድ ቀን ይበላሻል፣ አሥር ብር የነበረው ማታ በአምስት ይሸጣል። እሱስ ይሁን። ልጄ ግን አንድ ወረቀት አጥታ ከቤት የምትቀር ከሆነ ምን ብዬ ፊቷን አያለሁ እያልኩ ነው የማስበው።

እንዴት እምቢ እንዳለ ያስረዳኝ የኮምፒውተር ባለሙያው ኦሊያድ ነው። የባምባሲ ልጅ ነው፤ ለሰው ማስረዳት ይወዳል፣ እኔንም አልናቀኝም። ውጤቶቹ የተቀመጡት ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ባለች ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው። የሁለት ኪሎ ስኳር ያህል ናት። ሐሙስ ጠዋት ዘመናይ ስታስነሣት ኮምፒውተሩ «ይህች ዕቃ ባዶ ናት፤ እንደ አዲስ ላዘጋጃት ወይ?» ብሎ ጠየቃት። «እሺ» የሚለውን ልትጫን ጣቷን ስትሰድ ኦሊያድ ደርሶ እጇን ያዛት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለእኔ ሳጥኗን አዙሮ ጀርባዋን አሳየኝ።

«እናቴ፣ ውስጧ ሁለት ዲስክ አለ» አለኝ። «እነዚህ አራት ትንንሽ ማብሪያዎች ናቸው ዲስኮቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚወስኑት። አንዱ የሌላውን ግልባጭ ይያዝ፣ ወይ ሁለቱ ተጋግዘው እንደ አንድ ይሁኑ፣ ወይ ለየብቻ ይሥሩ። አንዷ ማብሪያ ከቦታዋ ከተነሣች ሳጥኗ የያዘችውን ነገር አታውቀውም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማብሪያዎቹ የስንዴ ፍሬ ያህላሉ። አራቱም ወደ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ በላያቸው ሰማያዊ የዘይት ቀለም ደርቆባቸዋል። በሰኔ ቆጠራ ሲመጣ ንብረት ክፍል በወንበሩም፣ በጠረጴዛውም፣ በነዕማ መጥረጊያ እንጨትም ላይ ሳይቀር በብሩሽ ቁጥር ይጽፋል። በሳጥኗ ጀርባም ላይ ጽፏል፤ ቦታው ስለማይበቃ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች በማብሪያዎቹ ላይ አልፈዋል።

«ታዲያ ወደነበሩበት መልሳቸዋ» አልኩት።

«እንዴት እንደነበሩ አላውቅማ። የገጠማት ሰው ተዛውሯል፤ ስልኩም አይሠራም። ሆዷ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አምስት ዓይነት አቀማመጥ ያሳያል። ትክክሉ አንዱ ነው። በግምት አስነሥቼያት የተሳሳተውን ይዛ ራሷን እንደ አዲስ ብታዘጋጅስ? የሚጠፋው የአንቺ ልጅ ብቻ መሰለሽ? ከዚያ አካባቢ የመጡ ልጆች ሁሉ ውጤት እኮ ነው።»

ዘመናይ ሳጥኗ ተፈትታ ዲስኮቹ በሌላ ኮምፒውተር ለምን አይታዩም አለች። በቃሉ በሩ ላይ ቆሞ መለሰ። ሳጥኗ ላይ የንብረት ክፍል እሽግ አለ፤ እሽግ የሚነሣው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲሟላ ነው፤ ሦስተኛው አባል ለሥራ ቶንጎ ሄዷል፣ የሚመለሰው ሰኞ ነው። ኦሊያድ ቢያንስ ቀለሙን ልፋቀው ብሎ ጠየቀ። «የንብረት ቁጥር መፋቅ ያስጠይቃል» አለ በቃሉ፤ «የተጻፈው ለምን ሆነና ይፋቃል?» ኦሊያድ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ በቃሉ እኔን ወደ አግዳሚው መልሶ ለዘመናይ ወረቀት አስወጣና ቃለ ጉባኤ አስጻፋት። ነዕማ ናት የነካችው ያለውም ያኔ ነው። በጽዳት ወቅት በጽዳት ሠራተኛዋ ንክኪ የደረሰ ጉዳት ተብሎ ተጻፈ። ሁለቱ ፈረሙ፤ ለሦስተኛው ቦታ ተተወለት።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ሌሊት ሲዘንብ ስላደረ ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ያዘው። ጥበቃው ረጀብ ከዳሱ ሥር ሆኖ «ዛሬም አልሆነም?» አለኝ።

«ኮሚቴ አልተሟላም።»

«አንቺ እኮ ከእኔ ይልቅ ሥራ ገበታ ላይ ትገኛለሽ። ወሩ ሲያልቅ ደሞዝ ጠይቂያቸው።»

ነዕማ ቧንቧው አጠገብ መወልወያዋን ትጨምቃለች። ከጀርባዋ እንደሆንኩ አውቃለች፤ ግን ቀና አላለችም። ቃለ ጉባኤ ላይ ስሟ እንደተጻፈ ነገርኳት። እጇ ቆመ። ነዕማ የምታወራው በርታኛ ነው፤ አማርኛ ስትቸኩል ይደባለቅባታል፣ ሲከፋት ደግሞ ይብሳል።

«እኔ ሳጥን አልነካም፣ ወላሂ» አለችኝ። «ጨርቅ እንኳ አይነካም፣ ዘመናይ ከልክሏል። በቃሉ ነው፣ ረቡዕ። ቁጥር ሲጽፍ እኔ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ቆሜ ነበር። ብሩሽ ያዘው፣ ጎረበጠው፣ ተናደደ። በጥፍር እንዲህ እንዲህ አደረገ።»

በአውራ ጣቷ ጥፍር አየሩን ወደ ላይ ገፋችው፤ አንድ፣ ሁለት ጊዜ።

«የትኞቹን እንደገፋ አይተሻል?»

«አላየሁም። ጀርባው ነው ለእኔ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

መወልወያውን እንደገና መጭመቅ ጀመረች። «ለማን?» አለች። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በየዓመቱ ኮንትራት እየተፈራረመች ነው የምትሠራው። ይህን አውቃለሁ።

አርብ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ወደ ቤት ስሄድ እግሬ ብቻ ነበር የሚሄደው፤ ልቤ ከመሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሥር ቀርቷል። ሐሴት ልብሷን ተኩሳ፣ ፎቶዎቿን በፖስታ አድርጋ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን አይታ ፖስታውን ትራሷ ላይ አስቀመጠችው። ባለቤቴ ለገሰ እምነበረድ ማውጫ ላይ ስለሚሠራ በወር አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ለማዕድ ሦስት ሰው ነን፣ በቃሉም እንደ ልማዱ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ነዕማ ያስተማረችኝን የባምያ ወጥ አቀረብኩ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሏል፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሐሴት ትተነፍሳለች። በቃሉ እጁን ታጠበ፣ ጸለየ፣ በላ። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሰማያዊ ቀለም አለ። ከረቡዕ ጀምሮ ከዚያ ጣት ጋር ሦስት ቀን ማዕድ ቆርሰናል፤ እኔ ግን ዛሬ ነው ያየሁት።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት፤ «ማብሪያዎቹ ቁጥሩ ሳይጻፍባቸው በፊት እንዴት ነበሩ?»

ውኃ አነሣና ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ማነው የነገረሽ?»

«ጥፍርዎ ላይ አለ።»

ጣቱን አየ። ከዚያ በቀስታ፣ መጋረጃውን እየተመለከተ ተናገረ። ማብሪያ መሆናቸውን አላወቀም ነበር። ጠረጴዛ ላይ የወጣ ምስማር ሲያጋጥመው መትቶ እንደሚያስገባው ሁሉ ብሩሹን የሚያደናቅፉትን እኩል አደረጋቸው። ሁለት ብቻ ነበሩ ወደ ታች የተጋደሙት፤ የመጀመሪያዋና ሦስተኛዋ። ይህን በደንብ ያስታውሳል፣ ምክንያቱም ሦስተኛዋ አልነሣም ብላ ጥፍሩን አሳምማዋለች። ማታውን ሁሉ ደስ ብሎት ነበር፤ ያንን ሁሉ ዕቃ በአንድ ቀን ቆጥሮ ጨርሷል። ያጠፋውን ያወቀው ሐሙስ ኦሊያድ ሳጥኗን አዙሮ ለዘመናይ ሲያሳያት ነው።

«ሂጂና ለኦሊያድ ንገሪው» አለኝ። «ነዕማ ነገረችኝ በይው። አየሁ ብላለች በይ። ልጅቷ እንዳትቀር።»

«ነዕማ ምንም አላየችም እኮ።»

«ስሟ እንደሆነ ተጽፏል። ኮንትራቷም ያው በዚህ ወር ያበቃል። እኔ ሁለት ዓመት ነው ለጡረታ የቀረኝ፣ አስረሳሽ። በሠላሳ ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ የለብኝም።» ከዚያ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «እኔ ለሐሴት ብዬ ነው የነገርኩሽ። ለሌላ ሰው አልናገርም ነበር።»

መደበቅ አልችልም፤ ደስ አለኝ። የልጄ ወረቀት በሁለት ማብሪያዎች መልክ እጄ ገባ። የመጀመሪያዋና ሦስተኛዋ፣ የመጀመሪያዋና ሦስተኛዋ እያልኩ ሳህኑን አነሣሁ። ደስታው ሳህኑን አጥቤ እስክጨርስ ነው የቆየው። ከዚያ ነዕማ «ለማን?» ያለችው መጣብኝ፤ ሳህኑን ደግሜ አጠብኩት።

በሰባት ሰዓት ተኩል አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ቢሮው የተከፈተው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ኦሊያድ የለም፤ ሌላ ክፍል ማተሚያ ተበላሽቶ ሄዷል። ስምንት ሰዓት ተኩል። ዘጠኝ። ሐሴት ፖስታዋን ይዛ መጥታ ከረጀብ ጋር በሩ ላይ ቆመች፤ ዝናቡ እንዳይነካባት ፖስታውን ብብቷ ሥር ደብቃዋለች። ኦሊያድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እጁ የማተሚያ ቀለም ነክቶት ሲመጣ ተነሣሁና ተከትዬው ገባሁ። የመጀመሪያዋና ሦስተኛዋ ወደ ታች ነበሩ አልኩት። ፈጥኖ ሳጥኗን ገለበጠና ሆዷ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። «አለ እዚህ» አለ። «አንዱ የሌላውን ግልባጭ የሚይዝበት ነው። ያስኬዳል።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ማነው ያለሽ?»

«ያየ ሰው።»

«እናቴ፣ ያየው ሰው ራሱ ይንገረኝ። በወሬ ወሬ ላስነሣትና ብትጠፋ ማን ይጠየቃል? እኔ ነኝ።»

ዘመናይ ከጠረጴዛዋ ሆና «ነዕማ ትሆናለቻ» አለች። «ራሷ ነክታው እንዴት አታውቅም? ነዕማ፣ ነይ እስቲ ግቢ።» ነዕማ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። መወልወያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች፤ እርጥቡ ጨርቅ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከእሷ ኋላ በቃሉ ፋይል ታቅፎ መጣ። እኔን አላየኝም፤ ሳጥኗንም አላየም፤ የሚያየው ግድግዳ ላይ ያለውን የዓመቱን ዕቅድ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆኗል። ማለት ያለብኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። ነዕማ ብል ኦሊያድ ያምናል፣ ዘመናይ ትስማማለች፣ ነዕማም ምናልባት ስለ ሐሴት ብላ ዝም ትላለች። ይህ የመጨረሻው ነው የከበደኝ። ዝም እንደምትልልኝ አውቅ ነበር።

«ወንድም ጋሼ» አልኩ። በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። «እርስዎ ይንገሩት።»

ዘመናይ እኔንና እሱን በየተራ አየችን። ዝምድናችንን አታውቅም ነበር። በቃሉ ፊቱ አልተለወጠም፤ ጆሮው ብቻ ቀላ። የሚሄድ መሰለኝ። ቢሄድ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ፋይሉን ወንበር ላይ አኖረና ወደ ሳጥኗ መጣ።

«ገመዱ ተነቅሏል?» አለ ኦሊያድን።

ኦሊያድ ገመዱን ነቀለ። በቃሉ መነጽሩን አደረገ፣ ጎንበስ አለ፣ ራሱ የጻፈውን ቁጥር በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሣ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። «ይቺ» አለና የመጀመሪያዋን ወደ ታች አደረጋት። ሦስተኛዋ እንደ ረቡዑ እምቢ አለችው፤ ኦሊያድ የብዕር ጫፍ ሰጠው። «ይቺም። እኔ ነኝ ያስተካከልኳቸው። ማብሪያ አልመሰሉኝም።» ኦሊያድ ከወረቀቱ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክሮ ገመዱን ሰካ። ሳጥኗ ውስጧ እንደ ድመት አንኮራፋ፤ ሁለት አረንጓዴ መብራት አንድ ላይ በራ። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የወረዳዎች ስም ተደረደረ። ድባጤ የሚለውን ከዘመናይ ቀድሜ አገኘሁት።

ወረቀቱ የታተመው አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ማኅተም ያዡን ፍለጋ ሁለት ሕንጻ ዞርን፤ ክበብ ውስጥ ማኪያቶ ሲጠጣ አገኘነው፣ ጨርሶ መጣ። አሥር ሰዓት ተኩል። ረጀብ ባጃጅ አስቁሟል፤ ሐሴት አንድ እግሯን አስገብታ «እማዬ፣ ነይ» እያለች ትጠራኛለች። ቦርሳዬን ላነሣ ስመለስ ዘመናይ የጠዋቱን ቃለ ጉባኤ ፋይል ውስጥ ስታስገባ አየኋት።

«እሱስ?» አልኳት።

«ምኑ?»

«የነዕማ ስም ያለበት።»

«እሱማ ተፈርሟል። ሰኞ ኮሚቴው ሲሟላ ይታያል።»

ሳምንቱን ሙሉ ሰኞ ሲሉኝ ነበር። በመስኮቱ ለሐሴት ሂጂ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። ብቻዋን ኮሌጅ ገብታ አታውቅም፤ ወረቀቱን ባጃጅ ውስጥ ትረሳው ይሆን፣ መዝጋቢው ይቆጣት ይሆን እያልኩ ልቤ ተከትሏት ሄደ። እኔ ግን ተመልሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ሳይሰረዝ አልሄድም» አልኩ። ዘመናይ ሥራ አለብኝ አለች። እኔ የለብኝም አልኳት። ባለጉዳይ የመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም አለችኝ። እሷ ትክክል ሳትሆን አትቀርም፤ ቢሆንም አልተነሣሁም። ነዕማ በሩ ላይ ቆማ «ተይ፣ ልጅ ብቻውን ነው፣ ሂጂ» አለችኝ። በቃሉ ለብዙ ጊዜ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየና ንጹሕ ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ ዘመናይ ፊት አኖረ። የጠዋቱ ቃለ ጉባኤ መሰረዙን ጨምሮ አንድ በአንድ አስጻፋት። ሲያስጽፍ ድምፁ ጠዋት ካስጻፈበት ድምፅ ያነሰ ነበር፤ የራሱ ስም ላይ ሲደርስ ዘመናይ ብዕሯን አንሥታ አየችው፣ እሱም «ጻፊ» አላት።

ስልኬ ጮኸ። ሐሴት ናት። «ተመዘገብኩ» አለች፤ ሌላም ብዙ አወራች፣ አልሰማኋትም። ዘመናይ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ ነዕማ መስኮቶቹን ዘጋች። በቃሉ አዲሱን ቃለ ጉባኤ ሰጠኝና ቁልፎቹን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ጣቴን ከፊደሎቹ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። የዘመናይ እጅ ጽሑፍ የተጫጫረ ነው፤ «በ» እና «ሰ» አይለዩም።

«አስረሳሽ፣ ቢሮ ልንዘጋ ነው» አለኝ። «የነዕማ ስም የለበትም ብዬሻለሁ እኮ።»

«ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ» አልኩት።